ወደ ግራ ስጠመዝዛት የምትጠፋ ሞተር፦ ሽቦው በተበየደ መሪ ውስጥ ነው የሚያልፈው

ደንቢያ ተመላላሽ
ሰላም ጤና ለሁላችሁ። ጉዳዩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ጎንደር ማራኪ ነው፣ ሥራዬ ደንቢያ። በሳምንት አምስት ቀን አዘዞን አልፌ ወደ ቆላ ድባ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ገጠር ቀበሌዎች። ቁመቴ ረጅም ስለሆነ የሞተሯ መሪ ዝቅ ብሎብኝ ወገቤ አለቀ። ጥር ላይ አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ ከፍ ያለ መሪ አሠራሁ። ከታች አግድም ቱቦ አለ፣ ከእሱ ላይ ሁለት ቱቦዎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ከላይ ደግሞ እጀታዎቹ ወደ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። አራቱም ማዕዘን ተበይዷል። ሽቦዎቹ ከውጭ ተንጠልጥለው ቁጥቋጦ እንዳይዛቸው ብዬ በቱቦው ውስጥ አሳለፍናቸው። የድሮው ሽቦ ስላጠረ ተቀጥሏል። ቅጥያው በናስትሮ ተጠቅልሎ እዚያው ቱቦ ውስጥ ነው ያለው።

ሦስት ወር ያህል ምንም አላለችም። ከፋሲካ በኋላ ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ክላክሱ ሳልነካው ይጮህ ጀመር። ናቅሁት። ባለፈው ሐሙስ ማታ ከአዘዞ ወደ ከተማ ስወጣ፣ መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሞተሯ ቀጥ አለች። መብራቱ በርቷል፣ ሞተሩ የለም። ከኋላዬ የጭነት መኪና ነበር። መሪውን ቀና ሳደርገው ማርሽ ላይ ስለነበረች ሳትቆም ራሷ ተነሳች። ዳር ይዤ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቅዳሜ መሪውን ፈታሁት። በእጀታው ጫፍ በኩል መብራት አስገብቼ አየሁ። ማዕዘኑ ላይ ብየዳው ወደ ውስጥ ፈስሶ እንደ ጅብ ጥርስ ተደርድሯል። ሽቦዎቹን ስስባቸው ሁለቱ ላይ ፕላስቲኩ ተፍቆ መዳቡ ይታያል።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የተላጠውን በናስትሮ ጠቅልዬ መልሼ ልክተተው? ወይስ ብየዳውን ከውስጥ ማለስለስ ይቻላል? ከተቻለ በምን?

ራስ ደጀን
እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። እኔ ብሆን ሽቦውን ከውጭ አወጣው ነበር። ከመሪው ሥር በፕላስቲክ ማሰሪያ በየስንዝሩ ማሰር ነው። እኔ ደባርቅ ድረስ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል፣ ሽቦዬ ሁሌም ከውጭ ነው። ቢላጥ እንኳ በዓይኔ አየዋለሁ።

ፍሬቻ
አዘዞ የባጃጅና የሞተር ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ራስ ደጀን ያለው ልክ ነው፣ ከውጭ ማሰር ነውር የለውም። ግን መጀመሪያ የሆነው ነገር ይግባህ፤ ካልገባህ ነገ በሌላ መልክ ይመጣብሃል።

በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ማጥፊያው የሚሠራው ሽቦውን ከማሳ ጋር፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ከተያያዘው የሞተሯ ብረት ጋር፣ በማገናኘት ነው። ማጥፊያውን ስትጫን ከሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት ከሚልከው ሳጥን) የሚመጣው ሽቦ ከሞተሯ ብረት ጋር ይገናኛል፣ ካንዴላው እሳት ያጣል። ክላክሱም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ፖዘቲቩ ቀድሞ ክላክሱ ጋ ደርሷል፣ የእጀታው ቁልፍ ማሳ ብቻ ነው የሚሰጠው። አሁን የእነዚህ የሁለቱ ሽቦ ፕላስቲክ ተፍቆ መዳቡ ቱቦውን ነካ። ቱቦው ራሱ ቁልፍ ሆነ ማለት ነው። ክላክሱ ያለ ጣትህ የጮኸው፣ ሞተሯም ወደ ግራ ስትጠመዝዝ የጠፋችው ለዚህ ነው። መሪው ሲዞር ሽቦው ይወጠራል፤ የተወጠረ ሽቦ ደግሞ የማዕዘኑን ውስጠኛ ጎን ተደግፎ ነው የሚያልፈው። ጥርሱ ያለው እዚያ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ እነዚህ ሁለቱ አይደሉም። ከጎናቸው የፊት መብራቱ ሽቦ አለ፤ እሱ መብራቱ ሲበራ ፖዘቲቭ ይይዛል። 35 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ነው የሚስበው። ያ ሽቦ ቱቦውን ከነካ ግን 3 አምፔር አይደለም የሚሄደው፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ ነው የሚለቀው። ፊውዝ ካለ ፊውዙ ይሞታል። ከሌለ ሽቦው ይቀልጣል፣ ከነዳጅ ታንከሩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርግ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ከዚያ ፊውዙን ከፍተህ እየው፣ ስንት እንደሚል ንገረኝ።

ስለ ናስትሮ፦ አይሆንም። ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለቃል፣ ተንሸራቶ ይሄዳል። ጥርሱ ደግሞ ናስትሮንም ይፍቃል።

ደንቢያ ተመላላሽ
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፊውዙን ከፈትሁት። ፊውዝ የለም። የመዳብ ክር ነው የተጠመጠመበት። መቼ እንደተደረገ አላውቅም፣ ሞተሯን የገዛኋት ከሰው ነው።

ፍሬቻ
እንግዲህ አምላክ ነው የጠበቀህ። ያንን ክር ዛሬ አውጣው። ፋብሪካው በፊውዝ ቤቱ ክዳን ላይ የጻፈውን ቁጥር ብቻ አስገባ። 10 ካለ 10 ነው፣ ተቃጠለ ተብሎ 20 አይገባም።

ብየዳ ቤት
ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የብረት ሥራ ላይ 20 ዓመት አልፎኛል። በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የኛ የበያጆች ነው።

ቱቦ ስንበይድ የምናየው ውጭውን ነው። ደንበኛውም የሚያየው ውጭውን ነው። ኃይሉ ከበዛ ወይም በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ክፍተት ከቀረ የቀለጠው ብረት ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ይቀዘቅዝና ጥርስ ይሆናል። የብናኙ ጠብታም ቱቦው ውስጥ ይለጠፋል። ውሃ ለሚያልፍበት ወይም ለአጥር ከሆነ ማንንም አይጎዳም። ሽቦ ለሚያልፍበት ግን ከውጭ የቱንም ያህል ቢያምር ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።

ከመሞረድህ በፊት ግን አንድ ነገር ለካልኝ፣ አንተ ልጅ። ቱቦው ከውጭ ስንት ሚሊሜትር ነው? በካሊፐር ለካው፣ በዓይን አይሆንም። መሪውን የሚይዘው ማሰሪያ ውስጥ የተጠቀጠቀ ነገር ካለም እይ።

ደንቢያ ተመላላሽ
ጋሼ፣ ካሊፐር ተውሼ ለካሁ። ሦስት ቦታ ላይ 21.3 ነው የሚያሳየው። ማሰሪያው ውስጥ የቆርቆሮ ቁራጭ ታጥፎ ገብቷል። ምን ማለት ነው?

ብየዳ ቤት
ማለቱ፣ መሪህ የውሃ ቱቦ ነው። ግማሽ ኢንች የምንለው የውሃ ቱቦ ከውጭ ሲለካ 21.3 ሚሊሜትር ነው። የሞተርህ ማሰሪያ የተሠራው ለ22 ነው። አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ልዩነት ስለሆነ ዓይን አይለየውም፣ ቆርቆሮ ሲገባበት ደግሞ የያዘ ይመስላል። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ወይም ፍሬን ስትይዝ ደረትህ መሪው ላይ ሲጫን ግን ሊዞርብህ ይችላል። የእጀታው ቁልፎችም ቢሆኑ በልኩ አይጨብጡትም።

ሌላም አለ። የውሃ ቱቦ ከውስጥ በርዝመቱ የሚሄድ የራሱ የፋብሪካ ብየዳ መስመር አለው። ጣትህን አስገብተህ ዳስሰው፣ ታገኘዋለህ። ነጭ ቅብ ካለው ደግሞ ዚንክ ነው፤ ቅቡ በደንብ ሳይፋቅ ከተበየደ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። የዚንክ ጭሱም በያጁን ያሳምማል፣ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። እኔ በልጅነቴ ደርሶብኛል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ይህን መሪ አታለስልሰው፣ ጣለው።

ደንቢያ ተመላላሽ
ልቤን ሰበሩት ጋሼ። ብዙ ብር ነው ያወጣሁበት። ወገቤም ከተሠራ ወዲህ ዳነልኝ። ወደ ድሮው መመለስ አልችልም።

የድሮ ሞተረኛ
ልጄ፣ ስለ ብሩ አትዘን። እኔ ሞተር መንዳት የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው፣ በግብርና ሥራ ላይ። ደንቢያን በደንብ አውቃታለሁ። ክረምት ላይ መረሬው ጎማህን ሲይዝ ሰው መሪውን በሙሉ ጉልበቱ ነው የሚታገለው። በዚያ ሰዓት የሚዞር መሪ ይዘህ እንድትገባ አልፈልግም። ከፍታውን ሳትተው ሌላ መንገድ አለ፤ ጋሼ በያጁ ይንገሩህ።

ብየዳ ቤት
አዎ፣ አለ። የመጀመሪያው ምርጫዬ ከመለዋወጫ ቤት ከፍ ያለና ከአንድ ቱቦ የታጠፈ መሪ መግዛት ነው። መገጣጠሚያ የለውም፣ ስለዚህ ውስጡ ጥርስ የለውም። ከፍታው ካልበቃህ ከማሰሪያው ሥር ማንሻ ብሎክ ይጨመራል።

የግድ ይሠራልኝ ካልክ ግን 22 ሚሊሜትር ትክክለኛ የመሪ ቱቦ ፈልግ። ከወዳደቀ ሞተር የሚወጣ ይሁን፣ ያልተሰነጠቀና ያልተጣመመ። ማዕዘኑን እኔ አልበይደውም፣ አጥፈዋለሁ። ቱቦው ውስጥ አሸዋ ሞልቼ፣ ጫፎቹን ደፍኜ፣ የሚታጠፍበትን ቦታ አግዬ ቀስ እያልኩ። አሸዋው ቱቦው እንዳይጨፈለቅ ይይዘዋል። አሸዋው ግን በምጣድ ተቆልቶ አጥንቱ ድረስ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥበት ካለው ቱቦው ሲግል እንፋሎት ይሆንና ድፍኑን እንደ ጥይት ያስወጣዋል። ይህን ለተለማማጆቼ ሁሉ መጀመሪያ ቀን ነው የምነግራቸው።

መቀጠል ካስፈለገ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚቀጠለው። በውስጡ ልክ የሚገባ አጭር ቱቦ እከታለሁ፣ ሁለቱ ቱቦዎች እሱ ላይ ይገናኛሉ፣ ብየዳው እሱ ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይንጠባጠብም። የውስጠኛው ቱቦ ጫፎች ሳይገቡ በፊት በሞረድ ይከብባሉ። አለበለዚያ እነሱም ሌላ ቢላ ናቸው።

ራስ ደጀን
ጋሼ፣ ልጠይቅ። ትክክለኛ ቱቦ ሆኖ ውስጡ ትንሽ ብቻ ሻካራ የሆነስ? የኔ ወንድም አንድ እንዲህ ያለ መሪ አለው።

ብየዳ ቤት
ትንሽ ከሆነ ይለሰልሳል። ለስላሳ የብረት ዘንግ ያዝ፣ 6 ሚሊሜትር ይበቃል። ጫፉን በብረት መጋዝ ሁለት ጣት ያህል ሰንጥቀው። በስንጥቁ ውስጥ የጨርቅ ጀርባ ያለው የብርጭቆ ወረቀት አስገባና ጠምጥመው። ሌላውን ጫፍ ትራፓኖ ላይ አስረህ ቀስ ብለህ አሽከርክር፣ ወደፊትና ወደኋላ እያልክ። በ60 ቁጥር ጀምር፣ በ120 ጨርስ። ትልቅ ጥርስ ካለ ግን ወረቀቱ ይበጣጠሳል እንጂ አይነካውም። ለእሱ ድቡልቡል ሞረድ ረጅም ዘንግ ላይ በይደህ በእጅ ነው የምትሠራው። ያሰለቻል። ተሰላችተህ እንዳትተወው።

ለተለጠፈው ብናኝ ደግሞ ትንንሽ ዳዶ ቱቦው ውስጥ ጨምር፣ ጫፎቹን በጨርቅ ድፈን፣ እንደ ጽናጽል አንቀጭቅጨው። ብዙው ይረግፋል። ከዚያ ጎሚስታ ወስደህ በአየር አስነፋው። መነጽር ሳታደርግ ግን እንዳትቆምበት።

መጨረሱን በምን ታውቃለህ? በዓይን አይደለም። የሴት ናይለን ካልሲ ቁራጭ ሽቦ ላይ አስረህ በቱቦው ውስጥ ጎትተው። ክር ከያዘ ጥርስ አለ ማለት ነው፣ ተመለስ።

ፍሬቻ
የካልሲውን ነገር አላውቀውም ነበር ጋሼ፣ ዛሬ ተማርኩ።

ሽቦው ከመሪው ስለሚወጣበት ቀዳዳ እኔም ልጨምር። ጥርስ የሌለው መሪ ላይ እንኳ ሽቦ የሚቆረጠው መውጫው ላይ ነው። በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ ከውጭ ይሞረዳል፣ ከውስጥ ግን ማንም አይነካውም። የሚቆርጠው ደግሞ የውስጡ ከንፈር ነው። ትንሽ ድቡልቡል ሞረድ አጋድሞ በማስገባት የውስጡን ከንፈር ማክበብ ይቻላል። ቀዳዳው ክብ ከሚሆን በቱቦው ርዝመት በኩል ሞላላ ይሁን፤ ሽቦው ሳይሰበር ተጋድሞ ይወጣል። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የጎማ ቀለበት ይግባበት። ቀለበት ከጠፋ ከወፍራም ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቆርጦ መሥራት ይቻላል፣ ግን በየጊዜው መታየት አለበት።

የቀዳዳው ቦታስ ጋሼ?

ብየዳ ቤት
ከማሰሪያው ጠርዝ ራቁ። መሪ የሚሰበረው ማሰሪያው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው፣ ጉልበቱ ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፈው። በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል፣ ከሥር በኩል ይሁን። የሥሩ ቀዳዳ ሌላም ጥቅም አለው፤ በክረምት ቱቦው ውስጥ የገባ ውሃ በእሱ ይወጣል።

ደንቢያ ተመላላሽ
ወሰንኩ። የታጠፈውን ከመለዋወጫ ቤት ገዛሁ፣ ከፍታው ከተበየደው ትንሽ ነው የሚያንሰው። ቀዳዳዎቹን ጋሼ ራሳቸው በሱልኝ፣ እንዲያውም ገንዘብ አልቀበልም ብለው ተጣላን። አሁን ሽቦው ነው የቀረው። እህቴ፣ በምን ልጀምር?

ፍሬቻ
ከግራ እጀታ ሰባት ስምንት ሽቦ ይመጣል፤ ከቀኝ ደግሞ አራት አምስት። ቱቦህ ከውስጥ 18 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስምንት ቀጫጭን ሽቦ ሲታሰር ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል፣ እንደ ተራ እስክርቢቶ በለው። ስለዚህ ቦታ አለህ፤ ጎትቶ መጠቅጠቅ አያስፈልግም።

ቱቦው ውስጥ ቅጥያ አይግባ። ይህን አጥብቄ ነው የምለምንህ። ሽቦው ከቁልፉ ጀምሮ እስከ መብራቱ ጀርባ ድረስ አንድ ወጥ ይሁን። ማስረዘም ካለብህ ቅጥያው ከቱቦው ውጭ፣ ከመብራቱ ኋላ ይሁን። በስታኞ ይያያዝ፣ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ ይልበስ። ቅጥያዎቹም ጎን ለጎን አይሁኑ፤ አንዱ ከሌላው ሁለት ሦስት ጣት ይራቅ። አለበለዚያ እብጠት ይሆናል፣ አንዱ ከተላጠም ጎረቤቱን ይነካል።

መጎተቻ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው፣ ቀጭኑ። መጀመሪያ ባዶውን አሳልፈው። ከዚያ የሽቦዎቹን ጫፍ ደረጃ በደረጃ አስረዝመህና አሳጥረህ እሰራቸው፤ ጫፉ እንደ እርሳስ ሾጠጥ ይላል፣ የትም አይያዝም። አንድ ሰው ይግፋ፣ አንድ ሰው ይጎትት። የሚገፋው ነው ዋናው። ጠንከር ካለ አትጎትት፣ መልሰህ አውጣና እየው።

ራስ ደጀን
ግሪስ ቢቀባ አይንሸራተትም?

ፍሬቻ
ይንሸራተታል፣ ግን ግሪስ አንዳንዱን ፕላስቲክና ጎማ ከጊዜ ብዛት ያሳብጠዋል፤ አቧራም ይሰበስባል። የሕፃን ፓውደር ይበቃል። ቀጠን ያለ የዕቃ ሳሙናም ይሆናል፣ ከዚያ ጥሩ አድርጎ ማድረቅ ነው።

የማራኪ ልጅ
እኔ የግንበኞችን የውሃ ልክ ቱቦ ነው የተጠቀምኩት፣ ያ ነጩን ላስቲክ። ሽቦዎቹን በእሱ ውስጥ አድርጌ ላስቲኩን መሪው ውስጥ ከተትኩ። ብየዳው ቢፍቅ እንኳ ላስቲኩን ነው የሚፍቀው። ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ፍሬቻ
ቀጥ ባለ ቱቦ ላይ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ማዕዘን ላይ ግን ይታጠፍና ሽቦውን ያንቃል። ደግሞም ላስቲክ አለ ተብሎ ጥርሱ ይተዋል። ላስቲኩም ቀስ እያለ ማለቁ አይቀርም፣ ማለቁን ግን የሚያየው የለም። መጀመሪያ ይለስልስ፣ ላስቲኩ ወይም ለሽቦ የሚለበስ የተሸመነ ሽፋን ከዚያ በላይ ይሁን።

የማራኪ ልጅ
ትክክል ነሽ። የኔው ማዕዘን ላይ መበየዱን ረስቼው። እሑድ ፈትቼ አየዋለሁ።

ፍሬቻ
ደንቢያ፣ ሽቦው ከገባ በኋላ ባትሪውን ከማሰርህ በፊት ይህን አድርግ። የሽቦዎቹን ሁለቱንም ጫፍ ከሁሉም ነገር ንቀል። አምፖል ከተያያዘ በአምፖሉ በኩል ማሳ ያገኝና ቴስተሩ ያሳስትሃል። ቴስተሩን ጩኸቱ ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ ባዶ ብረት ላይ፣ ቀለም በሌለው ቦታ፤ ሌላውን በየሽቦው ላይ ተራ በተራ። አንዱም መጮህ የለበትም። ይህን ስታደርግ ሌላ ሰው መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ እያዞረ፣ ሽቦውን እየነካካ ይሁን። ቆሞ የማይጮህ ሲንቀሳቀስ ይጮሃል።

ቀጥሎ ሁሉንም መልሰህ አገናኝ፣ ፊውዙን ግን አታስገባ። በፊውዙ ቦታ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል አገናኝ። የሆነ ቦታ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሌላ ነገር አይቃጠልም። ከ2 አምፔር በላይ አያሳልፍም። መብራትህን ስታበራ እሱም ደብዘዝ ብሎ ቢበራ አትደንግጥ፣ ያ ጤና ነው። ሁሉም ጠፍቶ ሳለ ከበራ ግን ተመለስና ፈልግ።

መውጫው ላይ ደግሞ ላላ ያለ ትርፍ ሽቦ ተውለት። መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር ሽቦው መወጠር የለበትም።

ደንቢያ ተመላላሽ
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ቴስተሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ሽቦ ላይ ጮኸ፣ መሪው ወደ ቀኝ ጥግ ሲዞር ብቻ። ልቤ ወደቀ። አውጥቼ ሳየው መውጫው ላይ ጎማው ተንሸራቶ ሽቦው ጠርዙን ይነካ ነበር፤ ተጭሯል። ያንን ሽቦ ሙሉ በሙሉ ቀየርኩት፣ ጎማውንም በአዲስ። ሁለተኛ ስሞክር ዝም። የፍሬቻው አምፖልም አልበራም። ከዚያ ነው 10 አምፔሩን ፊውዝ ያስገባሁት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ደንቢያ ነኝ። ዝናቡም ጀምሯል። ባለፈው ማክሰኞ ከአንድ ቀበሌ ስመለስ እስከ አዘዞ ድረስ ዶፍ ወረደብኝ። ክላክሱ ዝም፣ ሞተሯም አልጠፋች፣ እኔ ነኝ የዘመርኩት። ያችን ወደ ግራ የምትታጠፍ ቦታ ሳልፍ ግን አሁንም እጄ ይጠብቃል።

የድሮውን መሪ አልጣልኩትም። ጋሼ ማዕዘኑን በግራይንደር በርዝመቱ ሁለት ላይ ሰነጠቁልኝ። ጥርሶቹ ከነሽቦው ፕላስቲክ ፍቅፋቂ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ አንዱ ጥርስ ላይ የመዳብ ቀለም ቀርቶበታል። ጋሼ አንዱን ግማሽ ለተለማማጆቻቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ፍሬቻ
ሌላውን ግማሽ ለኔ ትሰጠኛለህ? ፊውዙን በክር አጠማጥሚልኝ እያለ ለሚመጣው ደንበኛ ላሳየው።

ደንቢያ ተመላላሽ
ሰኞ ጠዋት በአዘዞ ሳልፍ አደርስልሻለሁ። ያንን የመዳብ ክርም አብሬ አመጣዋለሁ።